ልዕልቲቱ ወደ ዎርክሾፓችን ሊመጡ ነው በተባለ ጊዜ

የምሠራው እንግሊዝ አገር ውስጥ፣ በአንዲት አነስተኛ ከተማ ባለ የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው። ሰዎች የማይፈልጉትን አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ቁም ሣጥንና ሶፋ ይሰጡናል። እኛ ጠግነንና ቀብተን ከመጠለያ ወጥተው ባዶ ቤት ለሚረከቡ ቤተሰቦች እናደርሳለን፤ የተረፈው በሱቃችን ይሸጥና ኪራይና ነዳጅ ይሸፍናል። ጥገናውን የሚሠሩት አብዛኞቹ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ጡረታ የወጡ አናጢዎች አሉ፤ ከሱስ ለመላቀቅ የሚታገሉ ወጣቶች አሉ፤ የጥገኝነት መልስ የሚጠብቁ ስደተኞች፣ ከእስር የወጡ፣ ከሚደበድባቸው ባል ሸሽተው ሕይወትን እንደ አዲስ የጀመሩ እናቶችም አሉ። የእኔ ድርሻ የእነሱን ውሎ ማስተባበር ነው።

እዚህ ቦታ የንጉሣዊው ቤተሰብ አባል የሆኑ አንዲት ልዕልት ጎብኝተውናል። ማንነታቸውንና የከተማውን ስም አልጠቅስም። የምጽፈው ስለ እሳቸው ሳይሆን ከመምጣታቸው በፊት ስላለፉት ወራት ነው፤ በእነዚያ ወራት ልንበታተን ምንም አልቀረንም ነበር። በዚህ አገር በእንዲህ ዓይነት ድርጅቶች የሚሠሩ ወገኖች ብዙ ናቸው። አንድ ቀን የእናንተም ሥራ አስኪያጅ ሁሉንም ሰብስቦ «የምነግራችሁ ነገር ከዚህ ክፍል እንዳይወጣ» ብሎ ሊጀምር ይችላል።

ብዙ ሰው እንዲህ ያለ ጉብኝት ከሰማይ ዱብ የሚል ይመስለዋል። ነገር ግን ተጠይቆ የሚገኝ ነው። በየግዛቱ ሎርድ ሌፍተናንት የሚባል የንጉሡ እንደራሴ አለ። ሹመቱ በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ በሄንሪ ስምንተኛ ጊዜ፣ የየአካባቢውን ጦር ለማደራጀት የተጀመረ ሲሆን ዛሬ ደመወዝ የሌለው የክብር ሥራ ሆኗል። ንጉሣዊ እንግዳ ሲመጣ በር ላይ ቆመው የሚቀበሉት እሳቸው ናቸው፤ እንግዳ እንዲመጣላችሁ የምትጠይቁትም በእሳቸው ጽሕፈት ቤት በኩል ነው። የቦርዳችን ሰብሳቢ ከረጅም ጊዜ በፊት ደብዳቤ ጽፈው ኖሮ እኛ ጉዳዩን ጨርሶ ረስተነው ነበር። ደብዳቤ የምትጽፉት እናንተ ከሆናችሁ የድርጅታችሁን ታሪክ አታስረዝሙ። እንግዳው ቢመጡ በዓይናቸው ምን እንደሚያዩ፣ ከማን ጋር እንደሚነጋገሩ ጻፉ። አንድ ቀን ብቻ አትጥቀሱ፤ የቀጠሮ መዝገባቸው ብዙ ወራት ቀድሞ ስለሚሞላ ሰፋ ያለ ጊዜ ስጡ።

ቀኑ ተቆርጦ ሲነገረን አብሮ የመጣው ማሳሰቢያ ለማንም እንዳይወራ የሚል ነበር። ለጥበቃ ሲባል ይፋ የሚደረግበትን ጊዜ የሚወስኑት የእንግዳዋ ቢሮ ሰዎች ናቸው። የመጀመሪያው ስህተት የተሠራው እዚህ ላይ ነው። ለቦርዱና ለቢሮ ሠራተኞች ተነገረ፤ ለበጎ ፈቃደኞቹ «ኋላ ይደርሳል» ተባለ። የቦርድ አባላት ለሚስትና ለባላቸው ተናገሩ፤ ሚስትና ባል ደግሞ ለጎረቤት። ሳይቆይ ወንበር ሊገዙ የመጡ ሰዎች ሱቃችን ውስጥ ቆመው «መቼ ነው የሚመጡት?» ይሉን ጀመር። ቀኑን ሙሉ እንጨት ሲያለሰልሱ የሚውሉት ልጆች ነገሩን የሰሙት ከገበያተኛ አፍ ነው። ቅሬታው ቀላል አልነበረም። አንዷ «እኛ ጋ ሊመጡ ነው ወይስ እነሱ ጋ?» አለችኝ፤ መልስ አልነበረኝም። ምስጢር ከሆነ ለሁሉም በአንድ ቀን፣ በአንድ ክፍል፣ ከነምክንያቱ ይነገር። ሰው ለምን እንደሚደብቅ ካወቀ ይደብቃል፤ እንደማይታመን ከተሰማው ግን ምስጢሩ የእሱ አይደለም።

ከዚያ ዝርዝሩ መጣ። በዕለቱ ሕንፃው ውስጥ የሚገኝ ሰው ሁሉ ስሙ፣ የትውልድ ቀኑና የመኪናው ሰሌዳ ቁጥር ለፖሊስ እንዲላክ ተጠየቅን። ቅጹ እንደማንኛውም ወረቀት ሻይ መጠጫው ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ፤ «ስማችሁን ሙሉ» የሚል ማስታወሻ ብቻ ተለጥፎበት።

አስቡት፤ የጥገኝነት ጉዳዩ ገና ያልተወሰነ ልጅ «ለፖሊስ የሚላክ» የሚል ቅጽ ሲያይ። በማግሥቱ ሥራ አልመጣም። ስደውል ስልኩ ዝግ ነበር። ሽማግሌው አናጢያችንም፣ መሳቢያ ሲገጥሙ ምስማር የማያስፈልጋቸው ባለሙያ፣ ቅጹን አንስተው አነበቡና መልሰው አስቀመጡት። በወጣትነታቸው ታስረው እንደነበር የሚያውቅ ጥቂት ሰው ነው። «እኔ በዚያ ቀን አልገኝም» አሉኝ፤ ከዚህ በላይ አልተናገሩም።

ጽሕፈት ቤቱን ደውዬ ጠየቅሁ። የተሰጠኝ መልስ ቀና ነበር፤ ማጣሪያው ለእንግዳዋ ደኅንነት እንጂ የማንንም መኖሪያ ፈቃድ ለመመርመር እንዳልሆነ፣ የቆየ ጥፋትም በራሱ ሰውን እንደማያስቀር ነገሩኝ። ይህን መልስ ይዘን እያንዳንዱን ሰው ለብቻው አነጋገርን። ልጁ በጓደኛው በኩል ተገኝቶ ተመለሰ። እናንተ ቅጹን ከማውጣታችሁ በፊት ይህን ጥያቄ ጠይቁ። ቅጹንም ጠረጴዛ ላይ አትጣሉት፤ በር ዘግታችሁ፣ ከሰውዬው ጋር ተቀምጣችሁ፣ መረጃው የት እንደሚሄድ አስረድታችሁ ሙሉ። አልፈልግም ላለም «ለምን?» አትበሉት። ሌላ ቀን የሚሠራው ሥራ፣ የማያሳፍር ምክንያት አዘጋጁለት። ለሽማግሌው ዕቃ ማድረስ የሚባል ሥራ ተገኘላቸውና በክብር ወጡ።

የዝርዝሩ ሌላው ጣጣ ቦታ ነበር። ዎርክሾፑ ጠባብ ነው፤ የሚፈቀደው ሰው ውስን ነው። የመጀመሪያው ዝርዝር ሲወጣ የቦርድ አባላት ከነባለቤቶቻቸው፣ ትልልቅ ለጋሾች፣ የአካባቢው ምክር ቤት ሰዎች ቦታውን ሞልተውት አየሁ። እውነተኛ ሠራተኞቹ ጥቂት ሆነው ጥግ ላይ ተመደቡ። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ሲባል ያደግን ሰዎች ደግሞ ንጉሥ በተባለበት ቦታ ወደ ኋላ ማለት ይቀናናል። እኔም ስብሰባው ላይ ዝም ልል ዳር ዳር እያልኩ ሳለ የሒሳብ ሠራተኛችን ቀደመችኝ፤ «ወንበር የሚጠግኑት የማን ሚስቶች ናቸው?» ብላ ጠየቀች። ሳቅም ኩርፊያም ሆነ። ዝርዝሩ ግን ገና አልተቀየረም።

በዚያው ሰሞን የጽዳት ዘመቻ ተጀመረ። ባለሥልጣን ሊመጣ ነው ሲባል አጥር የሚቀባበት፣ የኔ ቢጤ ከመንገድ የሚነሳበት አገር ሰው ስለሆንኩ ነገሩ አልገረመኝም። ያስገረመኝ እዚህም ያው መሆኑ ነው። እንግሊዞች ንግሥት ኤልሳቤጥ ዓለም ሁሉ ትኩስ ቀለም ትሸታለች ብለው ያስቡ ነበር የሚል የቆየ ቀልድ አላቸው፤ የሄዱበት ሁሉ ከመድረሳቸው በፊት ይቀባ ስለነበር ነው። የእኛ ሥራ አስኪያጅም የተሰባበሩ ዕቃዎች የተቆለሉበትን ጥግ በመጋረጃ ለመከለል፣ ማሽኖቹን ለማጥፋት፣ ወለሉን በኪራይ ምንጣፍ ለማልበስ አሰበ። እንግዳዋ ምናልባት ከፈለጉ እንዲገለገሉበት ለብቻ የሚዘጋጅ ክፍልና መጸዳጃ ቤት ይጠየቃል፤ ለእሱ ብቻ የወጣው ቀለም ሌላ ክፍል ይቀባ ነበር። (አልተጠቀሙበትም። እስካሁን ከሕንፃው ሁሉ የሚያምረው ያ መጸዳጃ ቤት ነው።) ምንጣፉን ያስቀረችው አሁንም የሒሳብ ሠራተኛዋ ናት። ሰው አልጋ ይገዛበታል ብሎ የሰጠውን ገንዘብ ለአንድ ሰዓት ምንጣፍ ማዋል እንደማይቻል፣ የቦርድ አባላት በሕግ የድርጅቱን ገንዘብ ለተቋቋመበት ዓላማ ብቻ የማዋል ግዴታ እንዳለባቸው አስታወሰች። ወጪ ሲነሳ አስቀድማችሁ ጣሪያ ወስኑ፤ ከተቻለም ለዝግጅቱ ብሎ የሚሰጥ አንድ ሰው ፈልጉ።

ነገሩ ሁሉ የተገለበጠው ከጉብኝቱ አስቀድሞ መንገዱን ሊያዩ ከመጡት ሰዎች ጋር ነው። ከሎርድ ሌፍተናንቱ ጽሕፈት ቤት አንዲት አንጋፋ ሴት፣ ከእንግዳዋ ቢሮ አንድ ሰው፣ ከጥበቃ ደግሞ ፖሊሶች መጡ። ከበሩ እስከ መውጫው በእርምጃና በሰዓት ለኩ። በየበሩ ወዴት እንደሚከፈት ጠየቁ። ሥራ አስኪያጃችን ማሽኖቹ እንደሚጠፉ፣ ሰው ሁሉ በአንድ ረድፍ ተሰልፎ እንደሚቆም ሲያስረዳ አንጋፋዋ ሴት በትሕትና አቋረጡት። «ተሰልፎ የቆመ ሰው በየቀኑ ያያሉ። እዚህ የሚመጡት ሥራ ለማየት ነው፤ ሥራው ይቀጥል» አሉ። ወደ ተከለለው ጥግ ጠቁመው «ይህ ምንድን ነው?» አሉ። የተሰባበረው ዕቃ ነው ሲባሉ «ታዲያ ከዚህ አይደለም እንዴ የምትጀምሩት?» ብለው ዕቅዱ ላይ መነሻው እዚያ እንዲሆን ጻፉ።

እነዚህ ሰዎች ጠላት አይደሉም። እኛ እንደ መርማሪ ፈርተናቸው ነበር፤ የሚያውቁትን ያህል የሚያውቅ ሰው ግን አታገኙም። የሚያስጨንቃችሁን ሁሉ በዚያ ቀን ጠይቁ፣ የማይመች ነገር ካለም ያኔ ተናገሩ። ሰውን በረድፍ ከማቆም ይልቅ በትንንሽ ቡድን፣ በግማሽ ክብ አቁሙ፤ ከየቡድኑ ሰዎቹን በስም የሚያስተዋውቅ አንድ ሰው ይኑር። ለእንግዳዋ ቢሮ የሚላከው ወረቀት ላይ ከየስሙ አጠገብ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፋል። እኛ «የሦስት ዓመት በጎ ፈቃደኛ» ብለን ጀምረን ነበር፤ በኋላ «ይህን ወንበር የጠገነችው» ወደሚል ቀየርነው፤ ወሬው በራሱ ከዚያ ተነሳ። ዝርዝሩም ከዚያን ቀን በኋላ ተገለበጠ። ባለቤቶቹ ወጡ፤ ሠሪዎቹ ገቡ።

ስለ ሥርዓቱ ብዙ ተጨንቀን ነበር። አጭሩ ይኸው፦ መጀመሪያ ሲያናግሯችሁ ሙሉ ማዕረጋቸውን ትጠራላችሁ፣ ከዚያ «ማም» ይበቃል። ወንድ አንገቱን ዝቅ ማድረግ፣ ሴት ጉልበቷን ሸብረክ ማድረግ የቆየ ልማድ ነው እንጂ ማንም ግዴታ የለበትም፤ ቤተ መንግሥቱ ራሱ የሚለው ይህንኑ ነው። እጃቸውን ሲዘረጉ ትጨብጣላችሁ። ስጦታ መስጠት ካሰባችሁ አስቀድማችሁ በቢሮአቸው አስጠይቁ። የሚመረቅ ሰሌዳ ካለም ጽሑፉ ሳይቀረጽ በፊት ለእነሱ ተልኮ መጽደቅ አለበት፤ እኛ ልናስቀርጽ የነበረው ጽሑፍ ማዕረጋቸውን አሳስቶ ነበር።

አሁን ከሁሉ የሚበልጠውን ልንገራችሁ፤ ፎቶግራፉን።

ከእኛ ጋር የምትሠራ አንዲት እናት አለች። የሸሸችው ሰው የት እንደምትኖር እንዳያውቅ ከተማ ቀይራለች፤ ልጆቿም ትምህርት ቤት ተቀይሮላቸዋል። ሶፋ ስትመረምር ከእሷ የተሻለ ዓይን ያለው የለም፤ ስለዚህ ልዕልቲቱ ሊያነጋግሯቸው ከሚገቡ ሰዎች ስሟ ግንባር ላይ ተጻፈ። እሷም ደስ አላት። ማንም ያላሰበው የአካባቢው ጋዜጣ ፎቶ አንሺ እንደሚመጣ፣ ፎቶው ኢንተርኔት ላይ ከነከተማው ስም እንደሚወጣ ነው። ፈቃድ የሚጠይቅ ወረቀት ነበር፤ ፈርማለች። ስትፈርም ያሰበችው ግን ቢሮአችን ውስጥ የሚሰቀል ፎቶ ነው። ከጉብኝቱ በፊት በነበረው ሳምንት ወደ እኔ መጥታ «ፎቶው የት የት ይደርሳል?» አለችኝ። ስነግራት ፊቷ ተለወጠ።

ከዚያ በፊት ያሰብነው ፎቶ በማይፈልጉ ሰዎች ሽርጥ ላይ ቀይ ጥብጣብ ማሰር ነበር። ጥሩ ይመስላል፤ ግን ጥብጣቡ ራሱ «ይህ ሰው የሚሸሸው ነገር አለ» ብሎ ለአዳራሹ ሁሉ ይናገራል። ስለዚህ ሰዎቹን ትተን ወለሉን ምልክት አደረግንበት። ፎቶ አንሺዎች እንዳያልፉት የተነገራቸው መስመር በፕላስተር ተለጠፈ፤ ከመስመሩ ወዲያ የሶፋ ክፍሉ አለ፤ ልዕልቲቱ ወደዚያ ሲገቡ ካሜራ ውጭ ይቀራል። የጽሕፈት ቤቱ ሰዎች ይህን ስንጠይቃቸው አልተቸገሩም፤ ቀድሞ የለመዱት ነገር ይመስላል። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1987 ልዕልት ዳያና ለንደን በሚገኘው ሚድልሴክስ ሆስፒታል የኤድስ ሕሙማን ክፍል ሲመርቁ ያለ ጓንት የታካሚ እጅ ሲጨብጡ የተነሳው ፎቶ ዓለምን ዞሯል። በዚያ ፎቶ ላይ ታካሚው የሚታየው ከጀርባው ነው፤ ፊቱ እንዲወጣ አልፈለገም። የፎቶው ኃይል በዚህ አልቀነሰም።

ስለዚህ ፈቃድ ስትጠይቁ «ፎቶ ብትነሺ ይከፋሻል?» አትበሉ። ፎቶው ጋዜጣ ላይ፣ ፌስቡክ ላይ፣ ከከተማው ስም ጋር እንደሚወጣና ከዚያ በኋላ መመለስ እንደማይቻል ንገሩ። እስከ መጨረሻው ደቂቃ ሐሳብ መቀየር እንደሚቻልም ጨምሩ። የራሳችሁን ሠራተኞች ስልክም አትርሱ፤ ከጋዜጠኛው ይልቅ አደገኛው በደስታ የሚያነሳው ባልደረባ ነው።

ቀኑ ደረሰ። ጠዋት በፖሊስ ውሾች ተጀመረ። አንዱ ውሻ የእንጨት ማጣበቂያ ቆርቆሮዎቹ ጋ ቆሞ ሁላችንንም ልባችንን አፈሰሰው፤ ምንም አልነበረም። ከዚያ መጠበቅ። መጠበቁን ማንም አይነግራችሁም፤ ሰዎች ቦታቸውን ይዘው ከቆሙ በኋላ ረጅም ጊዜ ያልፋል። አረጋውያንና እግራቸውን የሚያማቸው ሰዎች ካሉ ወንበር አቅርቡ፣ ውኃ አዘጋጁ፣ መጸዳጃ ቤት መሄጃውን ክፍት ተዉ።

ሲገቡ ማሽኖቹ እየሠሩ ነበር። ከተሰባበረው ክምር ጀመሩ፤ እግሩ የተሰበረ ወንበር አንስተው «ይህ ይድናል?» ብለው ጠየቁ። የሳቅ ድምፅ ተሰማ፤ የሁላችንም ትከሻ ረገብ አለ።

ሁለተኛው ቡድን ውስጥ ሲናገር የሚንተባተብ ወጣት ነበር። እኛ አሠልጥነነው ነበር፤ ምን እንደሚል በቃሉ አጥንቷል። የሥራው ከባዱ ክፍል የቱ እንደሆነ ጠየቁት። ያጠናው መልስ ለዚህ ጥያቄ አልነበረም። የመጀመሪያው ፊደል ላይ ቆመ፤ አልወጣ አለው። ሥራ አስኪያጁ ሊያግዘው አፉን ከፈተ፤ የቦርዱ ሰብሳቢ ወደ ፊት ሊሉ ነው። እኔ ልጁን ስለማውቀው ሥራ አስኪያጁን በክርኔ ነካሁት። ልዕልቲቱ ዓይናቸውን ከልጁ ላይ አላነሱም፣ አልተቻኮሉም፣ ቃሉንም አላቀበሉትም። ብዙ ቆየ። በመጨረሻ «የሌላ ሰው ቀለም መላጥ» አለ። እሳቸውም የሌላ ሰው ቀለም ስንት ድርብ እንደሚሆን ጠየቁት፤ ከዚያማ ማን ይያዘው። ቀለሙን፣ ከሥር ያገኘውን የዋንዛ የመሰለ እንጨት፣ ሁሉንም ነገራቸው። በልምምድ ጊዜ ንግግር አታስጠኑ። ስለምን እንደሚያወሩ ብቻ አብራችሁ አስቡ፤ ዝምታ ሲመጣም አትሙሉት።

የሶፋ ክፍሉ ውስጥ ካሜራ አልነበረም። ያቺ እናት አንድ ሶፋ ገልብጣ የእሳት ደኅንነት ምልክቱን አሳየቻቸው። ሶፋው እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣውን የእሳት ደንብ ማሟላቱ የሚታወቀው በዚህ ምልክት ስለሆነ ምልክት የሌለውን እንደማንሸጥ፣ ውስጡ ያለው ስፖንጅ ሲቃጠል የሚወጣው ጭስ መርዛማ እንደሆነ አስረዳቻቸው። እ.ኤ.አ. በ1979 ማንቸስተር ውስጥ ዎልዎርዝስ በተባለው መደብር ከቤት ዕቃ በተነሳ እሳት 10 ሰዎች መሞታቸውንም ነገረቻቸው፤ ይህን ከየት እንዳነበበች እንኳ አላውቅም። ከታቀደው ጊዜ በላይ እዚያ ቆዩ፤ የፕሮግራሙ ሰውዬ ሰዓቱን ሁለት ጊዜ አየ። ከዚያ ክፍል አንድም ፎቶ የለንም። እሷ ግን ስታወራው አትጠግብም።

ሰሌዳው ተመረቀ፣ መዝገቡ ላይ ስማቸውን ብቻ ፈረሙ፣ አንዲት ሕፃን አበባ ሰጠቻቸው፣ ሄዱ። በማግሥቱ ጉብኝቱ ኮርት ሰርኩላር በተባለው የቤተ መንግሥቱ የዕለት ውሎ መዝገብ ላይ ወጣ። ጋዜጦች ስለ እንቅስቃሴያቸው እያሳሳቱ ስላስቸገሯቸው ጆርጅ ሦስተኛ እ.ኤ.አ. በ1803 ያስጀመሩት መዝገብ ነው። የእኛ ስም ያረፈበትን መስመር አትመን ሻይ መጠጫው ጋ ለጠፍነው። ሽማግሌውም መጥተው ሰሌዳውን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱና «ብሎኖቹ ተጣመዋል» አሉ። ፈትተው መልሰው አሰሩት። እውነታቸውን ነበር።

ያልተዘጋጀንበት ከዚያ በኋላ ያለው ሳምንት ነው። ጋዜጣው ከወጣ በኋላ ሰው ሁሉ ሶፋውን ይዞ መጣ። ሌሊት በራችን ላይ ጥለውልን የሚሄዱ ነበሩ፤ አብዛኞቹ ያ ምልክት የሌላቸው፣ በዝናብ የራሱ። ማስወገጃው የራሱ ወጪ አለው። ስልኩም አላረፈም፤ ግማሹ ዕቃ የሚለምን የተቸገረ ቤተሰብ ነው፤ የምንሰጠው ግን እንደ ቀድሞው ነው። በጎ ፈቃደኞቹ ደግሞ ደክመው፣ አንዳንዶቹም ከዚያ ሁሉ ግርግር በኋላ የዕለት ሥራው ባዶ ሆኖባቸው መቅረት ጀመሩ። ለጉብኝቱ ማግሥት ፈረቃ አውጡ፤ ስልክ የሚያነሳ ሰው መድቡ፤ ለጋዜጣ በምትሰጡት መግለጫ ላይ ምን እንደምትቀበሉና ምን እንደማትቀበሉ በግልጽ አስጽፉ፤ ገንዘብ መስጫ መንገዱንም አብራችሁ አስገቡ። እኛ ያኛውን ረስተን ስለ ሰሌዳው ብቻ ነበር የጻፍነው።

ገንዘብ ይጎርፋል ብለው የጠበቁ የቦርድ አባላት ነበሩ። አልጎረፈም። ጊቪንግ ኤቪደንስ የተባለ የጥናት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ጥናት፣ የንጉሣዊው ቤተሰብ አባል የበላይ ጠባቂ የሆኑላቸው የበጎ አድራጎት ድርጅቶች እንኳ በዚህ ምክንያት ገቢያቸው እንደሚያድግ የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘም፤ 74 በመቶዎቹም ከጥናቱ በፊት በነበረው ዓመት ከበላይ ጠባቂያቸው ጋር አንድም ይፋዊ ዝግጅት አልነበራቸውም። የአንድ ሰዓት ጉብኝት ከዚህ የበለጠ ያመጣል ብሎ በጀት ላይ መጻፍ የለበትም። እኛ ያገኘነው ሌላ ነገር ነው። ምክር ቤቱ ለዓመታት ሲያመላልሰን የነበረው የመጋዘን ጉዳይ ተነስቶ ተሰማ፤ የሚንተባተበው ልጅ አዲስ ሰው ሲመጣ ዎርክሾፑን የማስጎብኘት ሥራ ራሱ ጠየቀ።

የፎቶ ፈቃድ ዝርዝሩን አትጣሉት። ዓመት ሳይሞላ ጋዜጣው ለሌላ ዘገባ የጉብኝቱን ፎቶዎች ጠየቀን። ከመስጠታችን በፊት በፎቶዎቹ ላይ ያሉትን ሰዎች በሙሉ እንደገና ጠየቅን፤ በጉብኝቱ ቀን በደስታ ከፈቀዱት ውስጥ ሁለቱ «አሁን አይሆንም» አሉ። አንዱ ሥራ ይዟል፤ ድሮ የት እንደነበረ አሠሪው እንዲያውቅ አልፈለገም። ሁለተኛዋ ምክንያቷን አልተናገረችም፤ እኛም አልጠየቅንም።